ፓይተን የሌለበት ማሽን፦ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚዞር የሙከራ ስብስብ የስክሪፕት ቋንቋ ጥገኝነቱን እንዴት ይያዝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሆነን የምንሠራት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ትቀይራለች፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ የስም ዝርዝሮችንም በፊደል ተራ ትደረድራለች። የተጻፈችው በሲ ቋንቋ ስለሆነ የሲ ኮምፓይለር ባለበት ማሽን ሁሉ ያለ ችግር ትገነባለች። የሙከራ ስብስቧ፣ ማለትም በትክክል መሥራቷን የሚፈትሹት ስክሪፕቶች (ትንንሽ ፕሮግራሞች)፣ ግን እንደ እሷ አልነበረም። ስብስቡን ከነፕሮግራሙ በፍላሽ ጭነን ባሕር ዳር ላለ ባልደረባችን በሚኒባስ ሹፌር እጅ የላክንለት ጊዜ፣ እኛ ዘንድ አንድም ሳይወድቅ ያለፈው ሙከራ እሱ ዘንድ ከግማሽ በላይ ወደቀ። በስልክ የጳጉሜን ስሌት ስንመረምር ግማሽ ቀን ከፈጀን በኋላ የተገኘው ጥፋት ከጳጉሜ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሙከራዎቻችን የፓይተንን የስክሪፕት ቋንቋ ለማስኬድ «ፓይተን» ብለው የሚጠሩት ትዕዛዝ በእሱ ኡቡንቱ 20.04 (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) ላይ በዚያ ስም አይገኝም፤ እዚያ ያለው «ፓይተን3» ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝነውን አሠራር እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ የሚጠቅመውም ሶፍትዌሩን አይቶት ለማያውቀው ማሽን ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። አሠራሩ የቆመበት ሐሳብ ቀላል ነው። በተቀባዩ ማሽን ላይ አንድ መሣሪያ ቢጠፋ ፕሮግራሙ ተሳሳተ አይባልም፤ መሣሪያው ስለጠፋ ያልተሠራ ሙከራም አለፈ ተብሎ አይቆጠርም። የሙከራ ስብስቡ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማወቅና ለይቶ መናገር አለበት።

የሚጠሩትን ትዕዛዞች መቁጠር

በመጀመሪያ የሚሠራው ቆጠራ ነው። የሙከራ ስክሪፕቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ በውስጣቸው የሚጠራውን ትዕዛዝ ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። እኛ ስንጀምር «ሼልና ፓይተን ብቻ ነው የምንጠቀመው» ብለን እናምን ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ግን ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ስንል ባሽ የተባለውን አንዱን ዓይነት ማለታችን፣ ፓይተን ስንልም ከ3.7 በታች የማይሆን ፓይተን ማለታችን እንደነበር ተረዳን፤ በላዩም አንድ ሰው ጽፎት የተረሳ የስድስት መስመር የፐርል (ሌላ የስክሪፕት ቋንቋ) ስክሪፕት እንዲሁም ጽሑፍ በሚያርመው ሴድና ቀን በሚያሳየው ዴት የጂኤንዩ (በሊኑክስ ላይ የተለመደው) ቅጂ ብቻ የሚሠሩ አማራጮች ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መሣሪያ «ይህ ባይኖር የትኛው ሙከራ ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «ሁሉም» ከሆነ መሣሪያው ግዴታ ነው፤ ስብስቡም ሲጀምር ፈልጎ ካጣው በግልጽ ተናግሮ መቆም አለበት። «እነዚህ ሦስቱ ብቻ» ከሆነ መሣሪያው እንደ ሁኔታው የሚፈለግ ነው፤ ሦስቱ ሙከራዎች ይዘለላሉ፣ የቀሩት ይቀጥላሉ። መልሱ «ምንም አይቀርም፣ በሌላ መንገድ ይሠራል» ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ከስብስቡ ይውጣ። የስድስት መስመሩ የፐርል ስክሪፕት የሚሠራው የፋይል መስመሮችን መቁጠር ብቻ ነበር። ያንን በየማሽኑ ያለው የመስመር መቁጠሪያ ትዕዛዝ ይሠራዋል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጥገኝነትን፣ ማለትም ስብስቡ የሚመካባቸውን የውጭ መሣሪያዎች፣ ለመቀነስ ከሞከርናቸው መንገዶች ሁሉ የበለጠ የጠቀመን የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ አስልቶ ማስቀመጥ ነው። የቀን መቀየሪያው ሙከራ ቀድሞ ትክክለኛውን መልስ በፓይተን እያሰላ ከፕሮግራሟ መልስ ጋር ያነጻጽር ነበር። አሁን መልሶቹ በተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ተጽፈዋል፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋር፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ጋር ተጣምረው ተቀምጠዋል። ሙከራው ፋይሉን አንብቦ የፕሮግራሟን ውጤት በዲፍ ትዕዛዝ ማነጻጸር ብቻ ሆነ። ሠንጠረዡን ያመነጨው የፓይተን ስክሪፕት አልተጣለም፤ ከምንጭ ኮዱ ጋር ለአዘጋጁ ተቀምጧል፣ ተቀባዩ ግን እንዲያስኬደው አይጠየቅም። ሌላም ጥቅም አለው። ስክሪፕቱንም ፕሮግራሟንም የጻፈው አንድ ሰው ነበርና፣ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች የሚለውን ሕግ ቢያዛንፈው ሁለቱም በአንድ ላይ ተሳስተው ሙከራው ያልፍ ነበር። የተጻፈ ሠንጠረዥን ግን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ጋር በዓይን ማመሳከር ይቻላል።

ይህ ሲባል ሁሉም ጥገኝነት ይጥፋ ማለት አይደለም። ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ሙከራዎች በብዛት ቲሲኤል በተባለ የስክሪፕት ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የሙከራ ስብስብም ደጃግኑ በተባለው ማዕቀፍ፣ በእሱም በኩል በኤክስፔክትና በቲሲኤል ላይ ይመካል። እነዚህ ፕሮጀክቶች ሥራው ስለሚጠይቅ አንድ የስክሪፕት ቋንቋ መርጠው ምርጫቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ጊት የተባለው የኮድ እትሞች መያዣ ደግሞ ሙከራዎቹን በአብዛኛው በሼል ይጽፍና ፐርል የሚያስፈልጋቸውን ለይቶ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ፐርል በሌለበት የሚዘለሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ለትንሽ ቡድን የሚሻለው የጊት መንገድ ይመስለኛል።

ሼልም ጥገኝነት ነው

ብዙ ሰው ሼልን እንደ መሬት ስለሚያየው ከጥገኝነት አይቆጥረውም። በኡቡንቱ ላይ «ኤስኤች» የሚባለው ሼል ግን እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ 6.10 እትም ጀምሮ ባሽ ሳይሆን ዳሽ የተባለው ሌላ ሼል ነው። ማክ ላይ ያለው ባሽ ከፈቃድ ጉዳይ የተነሣ 3.2 ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ስለዚህ በ4.0 የመጣው በስም የሚጠራ ድርድር (የዋጋዎች ዝርዝር) እዚያ አይሠራም። በአልፓይን ሊኑክስ ላይ ደግሞ ካልተጫነ በቀር ባሽ ጭራሽ የለም፤ ያለው ቢዚቦክስ በተባለው የትዕዛዞች ጥቅል ውስጥ ያለው ትንሽ ሼል ነው።

በመሆኑም ሁለት ቀና መንገዶች አሉ። አንደኛው ስክሪፕቱን ፖዚክስ በተባለው የጋራ መስፈርት የሼል ወሰን ውስጥ መጻፍ ነው። ድርብ ማዕዘን ቅንፍን፣ ድርድሮችንና የባሽ ብቻ የሆኑ ሌሎች ነገሮችን ይተዋሉ፤ መስመር ሳይሰብሩ ለመጻፍ በኤኮ ፈንታ ፕሪንትኤፍን፣ ትዕዛዝ ለመፈለግ በዊች ፈንታ «ኮማንድ -ቪ»ን ይጠቀማሉ። ሁለተኛው መንገድ ባሽን ግዴታ አድርጎ በመጀመሪያው መስመር መጥራትና በጥገኝነት ዝርዝሩ ላይ ማስፈር ነው። የማይሆነው በመጀመሪያው መስመር «ኤስኤች» ብሎ ጠርቶ ውስጡን በባሽ መሙላት ነው፤ ከሁሉ የሚበዛውም ይኸው ነው። ሼልቼክ የተባለው ነጻ መሣሪያ እንዲህ ያለውን አለመጣጣም መስመር በመስመር ያሳያል፤ እኛም ሳናስኬደው አንድም ስክሪፕት አንቀበልም።

ከሼሉ ቀጥሎ የሚያሰናክሉት ረዳት ትዕዛዞች ናቸው። ሴድ ፋይሉን በቦታው እንዲያርም የሚያዝዘው አማራጭ በጂኤንዩና በማክ ላይ አጻጻፉ ይለያያል፤ በማክ ላይ የመጠባበቂያ ፋይል ቅጥያ አብሮ ይጠይቃል። መፍትሔው አማራጩን ጨርሶ ትቶ ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል ጽፎ ስሙን መለወጥ ነው። ቀንን በቃል ሲነግሩት የሚያሰላው የዴት አማራጭም የጂኤንዩ ብቻ ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም በሚፈትን ስብስብ ውስጥ ባንጠቀምበት ይሻላል።

ኢንተርፕሬተሩን በማስኬድ መፈለግ

ኢንተርፕሬተር፣ ማለትም ስክሪፕቱን አንብቦ የሚያስኬደው ፓይተን ወይም ፐርል፣ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቦታ ብቻ መመለስ አለበት። ስብስቡ ሲጀምር የሚያነበው አንድ የሼል ፋይል ይዘጋጅና ፍለጋውን ጨርሶ ውጤቱን በተለዋዋጭ ስም ያስቀምጥ፤ ሌሎቹ ስክሪፕቶች በዚያ ስም ብቻ ይጥሩት። እኛ የምንፈልግበት ተራ የሚከተለው ነው። ተጠቃሚው ራሱ የፓይተኑን አድራሻ በአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ከውጭ በሚሰጠው ስምና ዋጋ) ከሰጠ የእሱ ይቀድማል፤ ካልሰጠ «ፓይተን3» ይሞከራል፣ ከዚያ «ፓይተን» ይሞከራል፣ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ፒዋይ» የተባለው ማስጀመሪያ ይጨመራል።

እዚህ ላይ «ኮማንድ -ቪ» ብቻውን አይበቃም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፓይተን ሳይጫን እንኳ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል ይገኛል፤ ሲጠራ የሚያደርገው ሰውየውን ወደ ማይክሮሶፍት ስቶር መምራት ነው። በማክም «ፓይተን3» በስም ይኖርና ሲጠሩት የአዘጋጅ መሣሪያዎቹን እንዲጭኑ ይጠይቃል። ስሙ አለ፣ ቋንቋው የለም። ስለዚህ ፍለጋው ማስኬድን ይጨምር፤ የተገኘውን ኢንተርፕሬተር አንድ መስመር ፕሮግራም ሰጥቶ የእትም ቁጥሩን እንዲያትም ማድረግ፣ የታተመውም የምንፈልገው ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ስም ማለፍ ነው። ጥያቄው ራሱ በፓይተን 2 ላይም ሳይሰናከል እንዲመለስ ተደርጎ መጻፍ አለበት፤ የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ቢያበቃም በአሮጌ ማሽኖች ላይ «ፓይተን» ሲባል የሚመልሰው ዛሬም እሱ ነው።

የእትም ቁጥር ሲነሣ ዝቅተኛውን ወሰን በግምት ማስቀመጥ አይገባም። ኡቡንቱ 18.04 ከፓይተን 3.6 ጋር፣ 20.04 ከ3.8 ጋር፣ 22.04 ከ3.10 ጋር፣ 24.04 ከ3.12 ጋር ይመጣሉ። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ያሉት ማሽኖች ከተጫኑ በኋላ ብዙ ጊዜ ስለማይታደሱ 18.04ን አሁንም እናገኛለን፤ ስለዚህ ወለላችንን 3.6 ላይ አደረግን። ለዚህ የከፈልነው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ንዑስ ፕሮግራም ጠርቶ ውጤቱን ለመያዝ በ3.7 የመጣውን አጭር አማራጭ ትተን የቀድሞውን ረዘም ያለ አጻጻፍ መጠቀም ነበረብን። ጣሪያም መኖሩን ግን መርሳት አያስፈልግም። ዲስትዩቲልስ የተባለው የቆየ ላይብረሪ በ3.12 ከፓይተን ወጥቷል፤ እሱን የሚጠራ ሙከራ በአሮጌው ማሽን አልፎ በአዲሱ ይወድቃል። ፐርልም እንዲሁ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 5.26 የሚሠራበትን ማውጫ ከላይብረሪ መፈለጊያ ዝርዝሩ ስላስወጣ፣ አጠገቡ ያለውን ሞጁል ያለ አድራሻ ይጠራ የነበረ ስክሪፕት «አልተገኘም» ማለት ጀመረ።

በፍላሽ ለሚጓዝ ስብስብ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ፍላሹ በፋት ወይም በኤክስፋት የተቀረጸ ከሆነ የፋይል የማስኬድ ፈቃድ አብሮ አይሄድም፤ ሊኑክስ ላይ ስክሪፕቱን በስሙ ብቻ መጥራት «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስና 126 የሚል የመውጫ ቁጥር (ትዕዛዙ ሲያበቃ ውጤቱን የሚናገርበት ቁጥር) ሊያስከትል ይችላል። ትዕዛዙ ጨርሶ ሲጠፋ የሚመጣው 127 ነውና ሁለቱን መለየት ጥሩ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ስክሪፕት በኢንተርፕሬተሩ በኩል መጥራት ነው፤ «ይህን ፋይል በኤስኤች አስኪድ» ይባላል እንጂ ፋይሉ ራሱ እንዲነሣ አይጠበቅም። እንዲህ ሲደረግ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የኢንተርፕሬተር አድራሻም ተፈላጊነቱ ይቀራል፤ ባሽና ፓይተን በፍሪቢኤስዲ ላይ በሌላ ማውጫ ውስጥ መሆናቸው ችግር መሆኑ ያቆማል። ፋይሎቹን በታር ጠቅልሎ መላክ ደግሞ ፈቃዱንም ማያያዣዎቹንም ይጠብቃል። ዊንዶውስ ላይ የተከፈተ ፋይል የመስመር መጨረሻው ተለውጦ ሲመለስ ሼሉ የማይታይ ፊደል ስለሚገጥመው ያልታወቀ ስሕተት ያወጣል፤ በጊት የባሕርይ ፋይል ውስጥ የሼል ስክሪፕቶች የመስመር መጨረሻ እንዳይለወጥ ማዘዝ ይህን ይከላከላል።

መዝለልና መውደቅ

አውቶሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ የሚከተለው ልማድ በብዙ መሣሪያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሙከራው 0 ብሎ ከወጣ አልፏል፣ 77 ብሎ ከወጣ ተዘልሏል፣ 99 ብሎ ከወጣ ሙከራው ራሱ ሊካሄድ ያልቻለበት ከባድ ስሕተት አለ፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ወድቋል። ሌላው የግንባታ መሣሪያ ሜሶንም 77ንና 99ን በዚሁ ትርጉም ይቀበላል፤ ሲቴስት በተባለው ሙከራ አስኪያጅ ግን የትኛው ቁጥር መዝለልን እንደሚያመለክት ለየሙከራው መንገር ያስፈልጋል። ታፕ በተባለው የሙከራ ውጤት አጻጻፍ የሚሠራ ሰው ደግሞ በመስመሩ መጨረሻ ላይ የመዝለል ምልክትና ምክንያት ይጽፋል፤ ይህ የውጤት አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው ከመጀመሪያው ፐርል ጋር የተወለደ ነው።

እያንዳንዱ መዝለል ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። «ተዘለለ» ብቻ ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም፤ «ተዘለለ፦ ፓይተን 3.6 ወይም ከዚያ በላይ ስላልተገኘ የመደርደር ሙከራው አልተካሄደም» የሚል መልእክት ግን ምን መጫን እንዳለበት ይነግረዋል።

የመዝለል አደጋ ለስሕተት መሸሸጊያ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ሞጁል (ተጨማሪ የኮድ ፋይል) መጥራቱን ስሕተት ሲነሣ በሚይዝ የኮድ ክፍል ውስጥ አስገብተን ማናቸውም ስሕተት ሲነሣ 77 ብሎ እንዲወጣ አድርገን ነበር። ከዚያ በራሳችን ረዳት ሞጁል ውስጥ የገባ የአጻጻፍ ስሕተት ሞጁሉ እንዳይጫን አደረገው፤ ስብስቡም ለሦስት ሳምንት ያህል የመደርደር ሙከራዎቹን በሙሉ እየዘለለ «ምንም አልወደቀም» ሲለን ሰነበተ። ስለዚህ ጥያቄውና ሙከራው ይለያዩ። የውጭ ሞጁል መኖሩ በመጀመሪያው የፍለጋ ፋይል ውስጥ ይጠየቅ፣ በሙከራው ውስጥ የሚነሣ ስሕተት ሁሉ ግን ውድቀት ይሁን፤ የራስ ሞጁል መጥፋት በምንም ሁኔታ የመዝለል ምክንያት መሆን የለበትም።

ከዚህ ጋር ጥብቅ የሚባል ሁነታ ያስፈልጋል። እትም በምናወጣበት ማሽን ላይ ሁሉም መሣሪያ መኖር ስላለበት፣ አንድ የአካባቢ ተለዋዋጭ ሲበራ መዝለል ሁሉ እንደ ውድቀት እንዲቆጠር አድርገናል። በተቀባዩ ማሽን ላይ ግን ተለዋዋጩ ጠፍቶ ይቆያል። የማጠቃለያው መስመርም ያለፉትን፣ የወደቁትንና የተዘለሉትን ለየብቻ ቆጥሮ ያትማል፤ ድምሩ ከተጠበቀው የሙከራ ብዛት ካነሰ ደግሞ ስብስቡ መካከል ላይ ቆሟል ማለት ነውና ውድቀት ነው።

በቧንቧ ስለሚጠፋ ስሕተትም አንድ ነገር ልጨምር። የፓይተንን ውጤት በቀጥታ ወደ ዲፍ ማስተላለፍ የፓይተኑን የመውጫ ቁጥር ይደብቃል፤ ሼሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ቁጥር ብቻ ነው። ይህን የሚያስተካክለው የሼል አማራጭ ወደ ፖዚክስ የገባው በ2024ቱ እትም ስለሆነ በአሮጌ ዳሽ ላይ አይገኝም። ውጤቱን መጀመሪያ ወደ ፋይል መጻፍ፣ የመውጫ ቁጥሩን ማየት፣ ከዚያ ማነጻጸር በየትም ይሠራል።

የሚሸከሙትን ስንቅ መምረጥ

ሙከራው የውጭ ሞጁል ከፈለገ ተቀባዩ ከኢንተርኔት ያወርደዋል ብሎ ማሰብ በእኛ አካባቢ አያዋጣም። ኔትወርኩ ባለበት ቀን የሚሠራ ስብስብ ኔትወርኩ በጠፋበት ቀን ይወድቃል፤ ኔትወርክ ባለበትም ቢሆን ዛሬ የሚወርደው የሞጁል እትም ባለፈው ወር ከወረደው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ስንቁ ከቤት ይያዝ።

ሞጁሉ ትንሽና በንጹሕ ፓይተን ወይም በንጹሕ ፐርል የተጻፈ ከሆነ ከነፈቃድ ጽሑፉ በስብስቡ ውስጥ አንድ ማውጫ ሠርቶ ማስቀመጥና የመፈለጊያ መንገዱን ወደዚያ ማመልከት ይበቃል። ትልልቅ ከሆኑ ደግሞ ኔትወርክ ባለበት ማሽን ላይ ፒፕ የተባለው ጫኝ ጥቅሎቹን ወደ አንድ ማውጫ እንዲያወርድ ማዘዝ፣ በተቀባዩ ላይ ደግሞ የመስመር ላይ ማከማቻውን ትቶ ከዚያ ማውጫ ብቻ እንዲጭን መንገር ይቻላል። በሲ የተገነባ ክፍል ያላቸው ጥቅሎች ለአንድ የማሽን ዓይነትና ለአንድ የፓይተን እትም ብቻ እንደሚሠሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ለሙከራ ሥራ ብቻ እንዲህ ያለ ጥቅል መሸከም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ዝግጁ የሆነ የፓይተን ምናባዊ አካባቢን ገልብጦ መላክም ከንቱ ድካም ነው፤ በውስጡ የተጻፉት አድራሻዎች የተሠራበትን ማሽን ሙሉ መንገድ ስለሚይዙ ሌላ ቦታ ሲሄድ ይሰበራል። እዚያው ተቀባዩ ማሽን ላይ እንደገና መሥራት ይቀላል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን ፒፕ ከምናባዊ አካባቢ ውጭ በሥርዓቱ ፓይተን ላይ መጫንን እምቢ ይላል፣ ምናባዊ አካባቢውን የሚሠራው ክፍልም በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ በተለየ ጥቅል ስለሚመጣ ላይኖር ይችላል፤ ይህም በፍለጋ ፋይሉ ውስጥ ይጠየቅ።

የእኔ ፍርድ ከተጠየቀ፣ የሙከራ ስክሪፕት ከኢንተርፕሬተሩ ጋር በሚመጣው መደበኛ ላይብረሪ ብቻ ቢወሰን ይመረጣል። ለፕሮግራሙ የሚገባ ጥገኝነት ለሙከራው ሁልጊዜ አይገባም። መደበኛው ላይብረሪ ራሱ እንኳ ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ በዴቢያን ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው መሠረታዊው የፐርል ጥቅል ቴስት ሞር የተባለውን የታወቀ የሙከራ ሞጁል አይዝም።

ፊደላችን የሚያወጣው ጉድለት

የላቲን ጽሑፍ ብቻ የሚፈትን ሰው የማያገኘውን ችግር የግዕዝ ፊደል ወዲያው ያወጣዋል። «ጎጃም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። የቃሉን ርዝመት አውክ በተባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ስንጠይቅ ጋውክ የተባለው ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8 በሆነ የቋንቋ ቅንብር 3 ይላል፤ ኡቡንቱ ላይ በነባሪነት የሚመጣው ሌላው ዓይነት ማውክ 9 ይላል። የመጀመሪያውን ፊደል በከት ትዕዛዝ ቁረጥ ብንለው በማክ ላይ «ጎ» ይሰጠናል፣ በኡቡንቱ 22.04 ላይ ግን የ«ጎ»ን ሲሶ፣ ማለትም የማይነበብ ባይት ይሰጠናል። ስለዚህ ፊደል መቁጠርና መቁረጥ ያለበት ሙከራ በሼል ረዳቶች መሠራት የለበትም፤ ፓይተን በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ ሌላ ቦታ የቆጠብነውን ጥገኝነትም እዚህ ያለ ቅሬታ እንቀበለዋለን።

የመደርደር ሙከራ ደግሞ የቋንቋ ቅንብሩን ይከተላል። ውጤቱ በየማሽኑ አንድ እንዲሆን «ኤልሲ_ኦል» የተባለውን ተለዋዋጭ «ሲ» ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ያኔ ሶርት በባይት ተራ፣ ማለትም በዩኒኮድ ቁጥር ተራ ይደረድራል። ይህ ግን ጣጣ አለው። በዚህ ቅንብር ፓይተን 3.6 ውጤቱን በአስኪ (የግዕዝ ፊደል በማያውቀው የቆየ ሥርዓት) ለመጻፍ ስለሚሞክር የመጀመሪያውን የግዕዝ ፊደል ሲያይ ስሕተት አውጥቶ ይቆማል፤ ከ3.7 ጀምሮ ግን ራሱ ወደ ዩቲኤፍ-8 ይዞራል። ዊንዶውስ ላይም ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ ተመሳሳይ መሰናክል ይገጥማል። ለሁሉም የሚሠራው «ፓይተንአይኦኢንኮዲንግ» የተባለውን ተለዋዋጭ ዩቲኤፍ-8 ላይ ማድረግና በስክሪፕቱ ውስጥ ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንጉን ሁልጊዜ በስም መጥቀስ ነው።

የሰዓት ክልልም በፍለጋ ፋይሉ ውስጥ ይወሰን። የአዲስ አበባን ክልል በስም መጥራት የሰዓት ክልል መረጃ በሌለበት አልፓይን ላይ አይሠራም፤ «ኢኤቲ-3» የሚለው የፖዚክስ አጻጻፍ ግን ምንም መረጃ አይፈልግም። ምልክቱ ተገላቢጦሽ መሆኑ ያደናግራል፤ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት የሚቀድም አገር በመቀነስ ይጻፋል። በመጨረሻም ከፓይተን 3.3 ጀምሮ «ስብስብ» የተባለው የመረጃ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ ከፐርል 5.18 ጀምሮም የሃሽ ቅደም ተከተል በየሩጫው ስለሚለዋወጥ፣ ስክሪፕቱ ከማተሙ በፊት ይደርድረው።

ድሃ ማሽን ላይ መሞከር

ይህ ሁሉ መሥራቱ የሚታወቀው መሣሪያ በጎደለው ማሽን ላይ ሲታይ ነው፤ የአዘጋጁ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉም የሞላበት ነው። ቀላሉ መንገድ ባዶ ማውጫ ፈጥሮ በጥገኝነት ዝርዝሩ ላይ ግዴታ የተባሉትን ትዕዛዞች ብቻ በማያያዣ ማስገባት፣ የትዕዛዝ መፈለጊያ መንገዱንም ወደዚያ ማውጫ ብቻ አሳጥሮ ስብስቡን ማስኬድ ነው። በዝርዝሩ ያልተጻፈ ትዕዛዝ ካለ ወዲያው በ127 ይጮኻል። ቀጥሎ በዚያው ማውጫ ውስጥ «ፓይተን3» የሚል ስም ያለውና ሲጠሩት ምንም ሳያትም በስሕተት ቁጥር የሚወጣ የውሸት ፋይል ይጨመር፤ ፍለጋችን በስም ብቻ እንደማይታለል የሚታየው እዚህ ነው። ኮንቴይነር (በማሽኑ ውስጥ ተለይቶ የሚሠራ ትንሽ ሥርዓት) መጠቀም የሚችል ሰው ከ10 ሜጋባይት በታች የሆነውን የአልፓይን ምስል አንድ ጊዜ አውርዶ ቢያስቀምጥ ባሽም ፐርልም ፓይተንም የሌለበትን ማሽን በእጁ ያገኛል።

ለተቀባዩ የሚላከው የማንበቢያ ፋይል ግዴታ የሆኑትን መሣሪያዎች ከነዝቅተኛ እትማቸው፣ እንደ ሁኔታው የሚፈለጉትን ደግሞ ባይኖሩ ከሚዘለሉት ሙከራዎች ስም ጋር ይያዝ። እኛ ይህን ዝርዝር በእጅ መጻፍ ትተን ከፍለጋ ፋይሉ እንዲታተም አድርገነዋል፤ በእጅ የተጻፈው በሁለተኛው ወር ከእውነቱ ተለይቶ ነበርና። ባሕር ዳር ያለው ባልደረባችንም አሁን ስብስቡን ባስኬደ ቁጥር ከውጤቱ በፊት የሚያየው የራሱን ማሽን መግለጫ ነው፤ የትኛው ሼል፣ የትኛው አውክ፣ የትኛው ፓይተን ከየትኛው አድራሻ እንደተገኘ ተዘርዝሮ ይወጣለታል፣ ሲደውልልንም መጀመሪያ የሚያነብልን እሱን ነው።